ከሐያት ጋር ያልተካፈልኩት መድኃኒት

ድኛለሁ! ባለፈው ሰኞ ሐኪሙ ካርዴን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ከላይ እስከ ታች አየና፣ የመጨረሻዋ ሳጥን ውስጥ መስመር አስምሮ «ኸላስ» አለኝ። አልቋል ማለቱ ነው። እኔ ደግሞ በአንድ ቃል የምረካ ሰው አይደለሁም፤ «ኸላስ ስትል በቃ ኸላስ? ተመልሼ አልመጣም?» አልኩት። «ሌላ የሚያስል ሰው ይዘሽ ካልመጣሽ በቀር» ብሎ ሳቀ። ስምንት ወር ኪኒን ስውጥ ከርሜ እንዲህ ሲሉኝ ምን ላድርግ? ከጤና ጣቢያው በር እስከ አስፋልቱ ሮጥኩ። ደረቴን ሳልይዝ፣ መሀል ላይ ሳልቆም። ጥላ ሥር የተቀመጠች ሻይ ሻጭ «ያ ቢት፣ አንቺ ልጅ፣ ማነው ያባረረሽ?» ብላ ጮኸችብኝ። ማንም አላባረረኝም። ደስ ብሎኝ ነው።

መሲ እባላለሁ፤ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው። የተወለድኩት እዚሁ ካርቱም፣ ጀሪፍ ነው። አማርኛ መጻፍ ያስተማረኝ አባቴ ስለሆነ የፊደሌን ጥፋት ከሱ ጋር ተነጋገሩ። ይህን የምጽፈው እንደኔ የሚያስል ሰው እኔ የሠራሁትን ስህተት እንዳይሠራ ብዬ ነው። ስህተቱ የሕመም ብቻ ቢሆን መጻፉ ቀላል ነበር። ግን የቅናት ነው። ቅናቱ ደግሞ ከሳሉ በፊት ስለጀመረኝ ከሱ ልነሳ።

እኛ ቤት አራት ነን። አባቴ ታደሰ ወንዙ ዳር ካሉት የጡብ ማቃጠያዎች ባንዱ ይሠራል። እማዬ ሳጃና ውስጥ የሐበሻ ምግብ ቤት ታበስላለች። እኔ አለሁ። ሐያት አለች። ሐያት እህቴ አይደለችም፤ የአባቴ የጦር ሜዳ ጓደኛ የሰይድ ልጅ ናት፤ በሦስት ዓመት ትበልጠኛለች። እናቷ ሐያትን በሕፃንነቷ አቅፋ ባሏን ፍለጋ ከወሎ ካርቱም ድረስ መጣች። ሰው ለሰው ተጠያይቃ አባቴን አገኘችው፤ እሱም ሰይድ መሞቱን ነገራት። ከዚያ ሴትየዋ ሰው ቤት ሠርታ ሠርታ ወደ ጅዳ ስትሻገር ልጇን እኛ ቤት ተወቻት። እኔ ያኔ አራት ዓመቴ ነበር። እስከዚያን ቀን የአባቴ ሁለቱም ጉልበቶች የኔ ነበሩ።

ሐያት ስትመጣ አባቴ አንዱን ጉልበት ለሷ፣ አንዱን ለኔ ሰጠን። እኩል ነው አይደል? አይደለም። ለኔ የደረሰኝ ግራው ነው፤ ፍንጣሪ ያለበት። ትንሽ ከተቀመጥኩበት «ተነሺ አንቺ ልጅ፣ አመመኝ» ይላል። የሐያት ቀኙ፣ ጤነኛው። እሷ እንቅልፍ እስኪወስዳት ትቀመጥ ነበር። እኔን «አንቺ ልጅ» ነው የሚለኝ አላልኩም? እሷን «እመቤቴ» ነው የሚላት።

አባቴ ወታደር ነበር። መኮንን አይደለም፣ አለቃ አይደለም፤ ተራ ወታደር። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ በግ ሊሸጥ ገበያ ወጥቶ በአፈሳ ያዙት፤ በጉ የት እንደገባ እስካሁን ይቆጨዋል። ሰባት ዓመት ሰሜን ግንባር ምሽግ ውስጥ ኖሮ ተራ ወታደር ሆኖ እንደገባ ተራ ወታደር ሆኖ ወጣ። በሰማንያ ሦስት ግንቦት ላይ ጦሩ ሲበተን በረሃውን በእግሩ አቋርጦ ከሰላ ገባ፤ ጠመንጃውን ድንበር ላይ የጠመንጃ ክምር ላይ ጥሎ። የዚያን ጠመንጃ ቁጥር እስካሁን በቃሉ ያውቀዋል። የኔን የልደት ቀን ግን እማዬን ነው የሚጠይቀው። አዎ፣ በጠመንጃም ቀንቻለሁ፤ ሳቁብኝ።

ከዚያ ሕይወት ይዞት የመጣ አንድ ልማድ አለው። ምሽግ ውስጥ ኮቾሮ፣ ያ ጥርስ የሚነቅለው የወታደር ደረቅ ዳቦ፣ ሲታደል አንዱ ይቆርሳል፤ ሌላው ጀርባውን ይሰጣል። የቆረሰው አንዱን ድርሻ በጣቱ ነክቶ «ይቺ የማን?» ይላል። ጀርባውን የሰጠው ሳያይ ስም ይጠራል። በዚህ መንገድ ማንም ማንንም አያማም። እኛም ቤት ሐብሐብ ቢገዛ፣ ሥጋ ቢመጣ፣ ለበዓል ጨርቅ ቢገኝ፣ አባቴ ይከፍልና «ዙሪ!» ይላል። አንዳችን ፊታችንን ወደ ግድግዳ እናዞራለን። «ይቺ የማን?»

ምን ልበላችሁ፣ ሁልጊዜ ትልቁ ለሐያት ይደርሳል። እኔ ዞሬ ብጠራም ለሷ፣ እሷ ዞራ ብትጠራም ለሷ። አባዬ ትልቁን ሲነካ ድምፁን ያወፍርላታል ብዬ ዓመት ሙሉ ሳዳምጥ ኖሬአለሁ። ምንም አላገኘሁም። ዕድለኛ ናት፣ በቃ።

ሕመሙ የጀመረኝ በሐቡብ ወቅት ነው። ሐቡብ ሰማዩን ቀይ አድርጎ የሚመጣው የአቧራ ማዕበል ነው፤ እዚህ የኖረ ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ ሁሉም ሰው ያስላል። እኔም አሰልኩ። ሰው ሁሉ ተሻለው፤ እኔን ግን ማታ ማታ ትኩሳት ይይዘኝ ጀመር። ሰፈራችን ያለው ክሊኒክ ጣቴን ወጉና ወባ ነው አሉ። ካርቱም ውስጥ ትኩስ ግንባር ይዞ የሄደ ሰው መቼም ወባ ነው። አባዬ ኪኒኑን ገዛልኝ። በዚያው ሳምንት ሐያትንም ብርድ ብርድ ብሏት ተኝታ ነበር። አባዬ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ኪኒኖቹን ምንጣፍ ላይ ዘርግቶ ለሁለት ከፈላቸውና «ዙሪ» አለኝ።

እማዬ ከማድ ቤት ብቅ ብላ «ታደሰ! መድኃኒት እኮ ሐብሐብ አይደለም!» አለችው።

«እኔና ሰይድ በግማሽ በግማሽ ነው የዳንነው» አለ።

«እናንተ እናንተ ናችሁ። ይሄ ሐኪም የለካው ነው።»

«ሐኪሙ አንድ ሰው ብቻ የታመመ መስሎት ነው።»

የሐያት ጉንፋን ስለነበር በሁለት ቀን ተነሳች። እኔ ተኝቼ ቀረሁ። ግማሽ ኪኒኔን ስለበላች ነው የዳነችው ብዬ አኮረፍኳት። እሷ ግን ጠዋት ጠዋት ወደምትሠራበት ቤት ከመሄዷ በፊት ግንባሬን ትነካለች፤ እጇ ቀዝቃዛ ነው፣ ደስ ይላል፣ እኔ ደግሞ እገፋዋለሁ።

ሁለተኛው ክሊኒክ ታይፎይድ አሉ፤ መርፌ ወጉኝ። ትንሽ ተሻለኝና ተመለሰብኝ። ጎረቤታችን ያሉ የሱዳን አሮጊት ደግሞ «ይሄ ሩጡባ ነው» አሉ። ሩጡባ እዚህ አገር እርጥበት አጥንት ውስጥ ገብቶ የሚያመጣው የሚሉት ሕመም ነው። ደረቴን በሰሊጥ ዘይት አሹኝ፤ በውኃ ከሚሠራው የአየር ማቀዝቀዣ ፊት እንዳልተኛ ከለከሉኝ። በዚያ ሙቀት! ቦታው ወዲያው ለሐያት ተሰጠ። እኔ ጥግ ላይ እየተቃጠልኩ እሷ በነፋሱ ስትተኛ አየኋት። ሌሊት ላቤ ልብሴን አርሶት ስነቃ ነጠላ የምትቀይርልኝ እሷ ናት። የሚያስብ ሰው ያመሰግናታል። እኔ በዚያ ጨለማ የማየው ደረቅ ጀርባዋን ነበር።

የትምህርት ቤት ቀሚሴ በቁመት ልክ ሆኖ በወርድ ሁለት ሰው ያስገባ ጀመር። አንድ ቀን ሳስል መሀረቤ ላይ ቀይ ነገር አየሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ለምን? አባዬ እኛን ያሳደገን «ግንባር ላይ አመመኝ ያለ ፈሪ ይባል ነበር» እያለ ነው። መሀረቡን አጣጥፌ ከፍራሼ ሥር አስገባሁት። ሐያት ልብስ ስታጥብ አገኘችውና ለእማዬ ሰጠቻት። «ነገረችብኝ!» ብዬ አለቀስኩ። በሐቅ ስመለከተው ያ ነገር ባይሆን ዛሬ አልጽፍም ነበር። ያኔ ግን ነገረችብኝ ነው ያልኩት።

እማዬ በማግስቱ ሥራዋን ትታ ወደ መንግሥት ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ለሚያስሉ ሰዎች ውጪ በረንዳ ላይ ለብቻ መቀመጫ አለ። አግዳሚው ሞልቶ መሬት ላይ ተቀመጥን። ፀሐይዋ እግራችን ላይ ስትደርስ ከጎናችን ያሉ አንዲት ከማዮ ሰፈር የመጡ ሴትዮ የሚቀመጡበትን ካርቶን ለሁለት ቀደው ግማሹን ሰጡን። ከዚያ ትንሽ ዕቃ ሰጡኝና ከደረቴ አስዬ አክታ እንዳወጣበት ነገሩኝ። ሁለት ቀን ተመላለስን። በሦስተኛው ቀን ነርሷ ጠራችን። እዚህ አገር ነርስ ሲስተር ነው የምትባለው፤ የኛዋ ሲስተር ነዋል ናት፤ ትልቅ ድምፅ ያላት፣ ሰው ስትቆጣ የምትስቅ።

«ደረን» አለች። ቲቢ ማለት ነው፤ ሳንባ ውስጥ የሚገባ፣ በሳል ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ። እማዬ ቃሉን ስታውቀው ኖሮ ወንበሩን ያዘች። ሲስተር ነዋል ግን ከመደርደሪያው አንድ ሳጥን አውርዳ ላዩ ላይ ስሜን በትልቁ ጻፈች። «ይሄ የመሲ ነው። የስምንት ወር መንገድ ነው። አንድ ቀን አይዘለልም፤ ሌላ ሰው ከዚህ አንዲት ፍሬ አይወስድም። መድኃኒቱ በነፃ ነው» አለች።

ሞት የተፈረደበት ሰው ሊያለቅስ ይገባዋል አይደል? እኔ ደስ አለኝ። ማንም «ይቺ የማን?» የማይልባት የመጀመሪያ ዕቃዬ! ቤት ስደርስ ለሐያት እስከማሳያት ቸኮልኩ።

ሲስተር ነዋል ቀጥላ ጠየቀችኝ። «ቤታችሁ ውስጥ ለብዙ ጊዜ የሚያስል ሰው አለ?» እኔ ነበርኩ የማስተረጉመው፤ የእማዬ አረብኛ ገበያ ውስጥ ይሮጣል፣ ሐኪም ቤት ሲገባ ይደነቃቀፋል። ሲስተር ነዋል ደግሞ ስትናገር እንደ አምጃድ፣ ማለትም እንደ ሚኒባስ ታክሲ፣ ሹፌር ትፈጥናለች።

እንግዲህ ስህተቴ እዚህ ጋ ነው።

አባቴ ያስላል። እኔ ከማስታውሰው ጊዜ ጀምሮ ያስላል። የጡብ ጭስ ነው ይላል፤ እማዬም ለምዳዋለች። እኔ ግን ሲስተሯ ስትጠይቀኝ ወዲያው የመጣብኝ የሱ ሳል ነበር። አፌን ከፈትኩና «ሐያት» አልኩ።

እማዬ ስሙን ሰማች። «ሐያትን ምን አለች?»

«ቤት ያለችው ትልቋ ልጅ ትመርመር ነው የምትለው» አልኳት።

በሁለት ቋንቋ ዋሸሁ። ለምን? አንደኛው ምክንያቴ ፍርሃት ነው። አባዬ ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ወረቀት፣ የለውም፤ ደረን የያዘውን የውጭ አገር ሰው ከአገር ያስወጣሉ ሲባል ሰምቼ ነበር። ይሄን ምክንያት ለሰው ሁሉ ነግሬአለሁ። ሁለተኛውን እዚህ ነው የምናገረው። ሐያት እንደኔ እንድትሆን ፈለግኩ። እሷም ጥግ እንድትተኛ፣ ኩባያዋ እንዲለይ። ከተቻለም እናቷ ከጅዳ መጥታ እንድትወስዳት። ይሄን ያሰብኩት በአንዲት ሰከንድ ነው፤ ለማሰብ ግን አሥር ዓመት ተዘጋጅቼበታለሁ።

ሐያት ለመመርመር ከአሠሪዋ ፈቃድ ጠየቀች። አሠሪዋ ለምን አለች፤ ሐያት መዋሸት አትችልም፣ «ቤት ውስጥ ደረን የያዘው ሰው ስላለ» አለቻት። በዚያው ቀን ከሰዓት በፊት ልብሷን በፌስታል ይዛ ተመለሰች። በሩ ላይ ቆማ «ነገ አትምጪ አለችኝ» አለች። «ከነገ ወዲያስ?» ብትላት «ከነገ ወዲያም አትምጪ» አለች አሉ። ፈገግ ልትል ሞክራ አልሆነላትም። እኔ ሳጥኔን አቅፌ ተቀምጬ ነበር። ደስ ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ወላሂ አላለኝም። ግን አልተናገርኩም።

አክታዋን ሰጠች፤ መሀል ላይ ዒድ ገባና ውጤቱ ወደሚቀጥለው ሳምንት ተላለፈ። በዚያ መሀል እኔ ኪኒኔን እውጣለሁ። የመጀመሪያ ቀን ሽንቴ ብርቱካናማ ሆኖ ሳየው ጮኼ ከመጸዳጃ ቤት ወጣሁ። ማንም አልነገረኝም ነበር። ሐያት ሮጣ ሄዳ ፋርማሲ ጠይቃ መጣችና «መድኃኒቱ ነው፤ ቀለሙ ነው። እየሠራ ነው ማለት ነው» አለችኝ። «ሚሪንዳ ጠጥተሽ ነው እንዴ ብዬ ነበር» ብላም ሳቀችብኝ። ሥራዋን ያሳጣኋት ልጅ!

የዒድ ማግስት ከሰዓት በኋላ፣ ጡብ ቤቱ ዝግ ስለነበር ሁላችንም ቤት ነበርን። አባዬ ተነስቶ ሳጥኔን ከመደርደሪያው አወረደው። ምንጣፉ ላይ ተንበርክኮ ኪኒኖቹን አንድ በአንድ አወጣ። ሁለት ክምር።

«ታደሰ፣ ምን እያደረግህ ነው?» አለች እማዬ።

«ሐያትም ይዟታል። ባይዛት ኖሮ አያባርሯትም ነበር። ውጤቱ እስኪመጣ ይቺ ልጅ ባዶ እጇን ልትቀመጥ ነው?»

«የመሲ እኮ ነው! አንዲት ፍሬ አይነካ ተብሏል!»

«ያለችው ሴትዮ ምሽግ አታውቅም።»

ሐያት «ጋሼ፣ ተወው፣ እኔ አልፈልግም» አለች።

«ዝም በይ እመቤቴ።» ከዚያ ወደኔ ዞረ። «ዙሪ።»

ዞርኩ። ግድግዳው ላይ ቀለሙ የተላጠበት ቦታ አለ፤ እሱን አፍጥጬ አየሁት። ከኋላዬ ጣቱ ምንጣፉን ሲነካ ሰማሁ።

«ይቺ የማን?»

ሳጥኔ! በስሜ የተጻፈችው! መጀመሪያ የመጣብኝ ሌላ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አሁንም ቅናት ነበር፣ እሳት የሆነ ቅናት። ይሄንንም ልትወስድብኝ ነው! ይሄን እንዳትወስድ የማደርግበት አንድ መንገድ ብቻ ነበረኝ፤ እውነቱን መናገር።

«ያንተ» አልኩ።

«እ?»

«ያንተ ናት አባዬ። ሁለቱም ክምር ላንተ ነው የሚገባህ። የምታስለው አንተ ነህ። ሐያት አታስልም፣ አስላም አታውቅም። ሲስተሯ ማነው የሚያስለው ስትለኝ እኔ ነኝ ሐያት ናት ያልኩት። ዋሽቼ ነው።»

አልዞርኩም። አባዬ ሊመልስልኝ አፉን ሲከፍት ሳሉ ቀደመው። ረጅም ነበር፤ ሁላችንም እስኪጨርስ ጠበቅን። ስዞር እማዬ ራሷን ይዛለች። ሐያት ግን ወደኔ ሳይሆን ወደሱ ነበር የምታየው።

«ጋሼ፣ ልንገራቸው?» አለችው።

መሬት መሬቱን አየ።

«ጡብ ቤት ምሳ ሳደርስለት ደም ሲተፋ አይቼዋለሁ» አለች ሐያት። «እንዳትናገሪ ብሎ በአባቴ አስምሎኛል።»

እንኳን ልደነግጥ፣ እዚያም ላይ ቀናሁ! ምስጢሩን ለሷ ሰጥቷታል፣ ለኔ አይደለም።

አባዬ ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጠ ተናገረ። ስለ ጦርነት ሲያወራ ሁልጊዜ ቀልድ ቀልዱን ነው፤ ስለ በጉ፣ ስለ ኮቾሮው። የዚያን ቀን አልቀለደም። ግንባር ላይ ወባ ጥሎት ራሱን ስቶ ነበር። ሰይድም ታሞ ከሐኪም ሙሉ ኪኒን ተሰጥቶት ነበር። ሰይድ፣ ኋላ ራሱ እንደነገረው፣ ኪኒኑን ለሁለት ከፍሎ ለራሱ ጀርባውን ሰጥቶ «ይቺ የማን?» ብሎ ራሱ ጠይቆ ራሱ «የታደሰ» ብሎ መለሰ። ሁለቱም ተነሱ። ወደ ከሰላ ሲሸሹ ግን የሰይድ ትኩሳት ተመለሰበት። ድንበሩ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው አንድ የግራር ጥላ ሥር «ትንሽ ልረፍ» ብሎ ተቀመጠ፤ አልተነሳም።

«ሙሉውን ውጦ ቢሆን» አለ አባዬ፤ ቀጥሎ የሚለውን አላለውም። «ያ ግማሽ እኔ ውስጥ ነው። ይቺን ልጅ ሳያት እሱን ነው የማየው።»

እኔ እዚያ ቆሜ የማስበው ስለ ቀኝ ጉልበቱ ነበር። እኔ የቀናሁበትን ነገር ሐያት በምን እንደገዛችው አላውቅም ነበር። አባቷን ከፍላ ነው።

እማዬ ኪኒኖቹን አንድ በአንድ ቆጥራ ወደ ሳጥኔ መለሰችና «ነገ አብረን እንሄዳለን» አለች።

«ወረቀት ቢጠይቁኝስ? ኢቃማ የለኝም እኮ።»

«እኛን ማን ጠየቀን? ስምና ሰፈር ነው የጻፉት። ታደሰ፣ ሰባት ዓመት ጥይት አልፈራህም፤ አንዲት ሲስተር ትፈራለህ?»

«ጥይት ያልፋል» አለ አባዬ። «ሲስተር ትይዛለች።» እማዬ ሳቋ አመለጣት፤ ከዚያ አለቀሰች።

ሲስተር ነዋልን እኔው ነገርኳት። በአረብኛ፣ እማዬም እንድትሰማ ቀስ ብዬ። ተቆጣችኝ፤ በዚያች ቀን አልሳቀችም። ኪኒን ስለመካፈሉም ስነግራት ወደ አባዬ ዞራ እንዳስተረጉምላት ነገረችኝ። «ግማሽ መድኃኒት በሽታውን አይገድለውም፤ ያቆስለውና ይለቀዋል። የቆሰለው ያገግማል፤ መድኃኒቱን መቋቋም ተምሮ ይመጣል። ከዚያ ሙሉው መድኃኒትም አይበግረውም።» እኔም ይህንኑ ነገርኩት። አባዬ «ጠላትን አሠልጥኖ መልቀቅ ነው በያት። ገብቶኛል በያት» አለ።

የአባዬ ውጤት እንደጠበቅነው ሆነ። የሐያት ደግሞ ንጹሕ። አዎ፣ ንጹሕ በመሆኗም ትንሽ ቀናሁ፤ አሁን ሁሉን ነው የምናገረው። አባዬ የራሱ ሳጥን ተሰጠው፤ ስሙ ተጽፎበት። ይዞት ቤት ሲገባ ሙሉ ሳጥን ለብቻው መያዙ አሳፍሮት በኮቱ ሥር ደብቆት ነበር። ስንት ጊዜ ሊዘል ሞከረ! «ዛሬ ደህና ነኝ፣ ነገ እውጣለሁ» ይላል። ፊቱ ቆማ እስኪውጥ የምትጠብቀው ሐያት ናት። «አፍህን ክፈት ጋሼ። ምላስህን አንሳ» ትለዋለች። እሱም ይከፍታል። የኔን ቃል ቢሆን አይሰማም ነበር፤ ስለዚህ እሷ ማድረጓ ጥሩ ነው። እንዲህ ብዬ መጻፌ ራሱ ይገርመኛል።

የሐያትን አሠሪ ቤትም ሄጃለሁ። ሲስተር ነዋል ሐያት ጤነኛ መሆኗን የሚገልጽ ወረቀት ጽፋልኝ ነበር። በሩን ለከፈተችልኝ ሴትዮ ወረቀቱን ሰጥቼ «የዋሸሁት እኔ ነኝ» አልኳት። ወረቀቱን ሳታነብ መለሰችልኝ፤ ሌላ ሠራተኛ ይዛለች። ሐያት መንገዱ ማዶ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ሳለቅስ ስታይ «ተይ መሲ፣ ወላሂ ደህና ሆነ። እዚያ ቤት ምንጣፉ ብቻ ስንት ክፍል ነበር!» አለችኝ። ቀልድ እንደሆነ አውቃለሁ። ሦስት ወር ሙሉ ሥራ አጥታ ተቀምጣለች፤ ያ ቀልድ አይደለም። አሁን ከእማዬ ጋር ሳጃና ትሠራለች። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ «እሺ» ብላኛለች፤ እሺ ያለችኝ ግን ወዲያው አይደለም፤ በዚያ ቅር አልተሰኘሁም።

አባዬ ሊጨርስ ጥቂት ሳምንት ነው የቀረው። የመሀሉ ምርመራ ንጹሕ ነው የመጣው። ጡብ ቤቱ ሳይሆን አሁን አንድ ግቢ በር ላይ ጥበቃ ነው፤ ጭስ የለም። ሳል የሌለው አባት ዝምታው ራሱ ይገርማል፤ ቤት መግባቱን የምናውቀው በሳሉ ነበርና አሁን ድንገት ከኋላችን ቆሞ እናገኘዋለን።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ እናንተ የአባዬ የድሮ ጓደኞች፣ በየጡብ ቤቱና በየጥበቃ በሩ ላይ ሆናችሁ «ሲጋራ ነው፣ አቧራ ነው፣ የበረሃ ብርድ ነው» የምትሉ፤ እናንተም ሰው ቤት የምትሠሩ እህቶች፣ አሠሪዬ ትሰማብኛለች ብላችሁ ሳላችሁን በነጠላ የምታፍኑ፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ካለፈው፣ ሳል አይደለም፣ መልእክት ነው። ሰኞ ጠዋት እኔና አባዬ ከጀሪፍ ወደ ጤና ጣቢያው እንሄዳለን። አምጃዱ ሰባት ሰው ይጭናል፤ እኛ ሁለት ነን፤ አምስት ቦታ አለ። አረብኛ የማይሆንላችሁ ካላችሁ እኔ አስተረጉማለሁ፤ እናንተ ያላችሁትን ብቻ፣ እነሱ ያሉትን ብቻ። ወረቀት አትያዙ፤ ውኃና የምትቀመጡበት ካርቶን ያዙ። ስታስሉ አፋችሁን ሸፈን አድርጋችሁ መስኮቱ ጋ ተቀመጡ። መስኮቱ ጋ መቀመጥ የምወደው እኔ ነኝ፤ ለማንም ለቅቄ አላውቅም። ለእናንተ እለቃለሁ። ኑ።